የወዳጅ ዕዳ፦ እስከ የት እንታገሥ? ከየት ጀምሮ እንጠይቅ?



ለዓመታት በአንድ ሶፍ ጎን ለጎን ቆመው የሰገዱ፣ በሐዘንም በደስታም ያልተለያዩ ሁለት ወዳጆች፣ አንድ ቀን አንደኛው የሌላውን ዓይን ላለማየት መስጊድ ሲቀይር ይታያል። ምክንያቱ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ስድብም ድብድብም የለበትም፤ ያልተመለሰ ብድር ነው። ገንዘቡ ሲሰጥ ወረቀት አልተጻፈም፤ ቀን አልተቆረጠም፤ ምስክርም አልተጠራም። «በእኔና በአንተ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ተባብሎ ታልፏል። ከዚያ በኋላ አበዳሪው መጠየቅ ያፍራል፤ ተበዳሪው ደግሞ ካልተጠየቀ የተተወለት ይመስለዋል። ጊዜው እየረዘመ ሲሄድ ሰላምታው ይቀዘቅዛል፣ ስልክ አይነሳም፣ በመጨረሻም ገንዘቡም ወዳጅነቱም አብረው ይጠፋሉ።

በዚህ ጉዳይ በመካከላችን ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይታያሉ። አንደኛው ብድርን መጠየቅ የእምነት ጉድለትና የገንዘብ ፍቅር አድርጎ የሚያይ ነው። እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች ለተበደለው ሰው ያላቸው ምክር አንድ ብቻ ነው፤ «ለአላህ ብለህ ተወው» ይሉታል። ሁለተኛው ደግሞ ገንዘቡ የእኔ ነውና የፈለግሁትን ባደርግ ምን አለበት ብሎ ወዳጁን በአደባባይ የሚያዋርድ፣ በዛቻና በስድብ የሚያሳድድ ነው። ሁለቱም ከዲናችን ሚዛን የወጡ ናቸው። እስልምና ለቸገረው ተበዳሪ ጊዜ መስጠትን ያዘዘውን ያህል፣ መክፈል እየቻለ የሚያጓትተውን በደለኛ ብሎታል። እንግዲህ ጥያቄው መታገሥ ይሻላል ወይስ መጠየቅ የሚል አይደለም። ማንን እንታገሥ፣ ማንን እንጠይቅ፣ ስንጠይቅስ በምን ሥርዓት የሚል ነው።

መጠየቅ ነውር አይደለም

በመጀመሪያ ልናጸዳው የሚገባው ይሉኝታን ነው። በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች እንደተዘገበው፣ አንድ ሰው ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመል አበድሮ ኖሮ ሊያስመልስ መጣና ጠንከር ባለ ቃል ጠየቃቸው። ሶሓቦቹ ተቆጥተው ሊነኩት ሲነሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከለከሏቸው፤ ባለ መብት የመናገር መብት እንዳለውም አስገነዘቧቸው። ከዚያም ዕድሜው ተመሳሳይ የሆነ ግመል ተፈልጎ እንዲሰጠው አዘዙ። የተገኘው ከተበደሩት የተሻለ ሆነ፤ ያንኑ ስጡት አሉ። የአላህ መልእክተኛ ፊት ቆሞ ዕዳውን የጠየቀ ሰው ካልተወቀሰ፣ እኛ ጎረቤታችንን ወይም የዕቁብ ጓደኛችንን በጨዋ አንደበት ብንጠይቅ የሚያሳፍረን ምኑ ነው?

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ዝም ያለ አበዳሪ ለወዳጁ የዋለለት ይመስለዋል እንጂ አልዋለለትም። በሙስሊም ዘገባ እንደተላለፈልን፣ በአላህ መንገድ የተሰዋ ሰው ኃጢአቱ ሁሉ ሲማርለት ዕዳው ግን ይቀራል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለ ዕዳ ሆኖ በሞተ ሰው ላይ አልሰግድም ብለው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ ሲል የሰገዱበት ታሪክ የታወቀ ነው። በሱረቱ ኒሳእ 11ኛና 12ኛ አንቀጾች መሠረትም ውርስ የሚከፋፈለው ከዕዳና ከኑዛዜ በኋላ ነው። ዕዳው ይህን ያህል ከባድ ከሆነ፣ አበዳሪው ሳይጠይቅም ይቅር ሳይልም ዓመታትን ሲያሳልፍ ሸክሙን ከወዳጁ ጫንቃ ላይ አላወረደለትም። አንድ ቀን በጃናዛው ላይ ቆሞ ቅር ከሚለው፣ ዛሬ በሕይወት ሳሉ ቁጭ ብሎ ቢነጋገር ለሁለቱም ይበጃል።

አበዳሪ ሁሉ ሀብታም እንዳልሆነም አንርሳ። በዐረብ ሀገራት በሰው ቤት ሠርተው፣ እንቅልፍ አጥተው ያጠራቀሙትን ደመወዝ «ለጊዜው ያዝልኝ፣ እመልስልሻለሁ» ለተባሉት ጓደኛ የላኩ እህቶቻችን ብዙ ናቸው። ሀገራቸው ሲገቡ የሚጠብቃቸው የተዘጋ ስልክ ከሆነ፣ «ለአላህ ብለሽ ተይው» የሚለው ምክር ለማን ያደላ ምክር ነው?

የቸገረውና ያልፈለገው

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በሱረቱል በቀራ 280ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ተበዳሪው ችግር ላይ ከሆነ እስኪሻለው ጊዜ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ዕዳውን መተው ደግሞ ለአበዳሪው የተሻለ ምጽዋት እንደሆነ ይነግረናል። ዑለማዎች ከዚህ በመነሳት፣ በእርግጥ ለሌለው ሰው ጊዜ መስጠት ግዴታ፣ ጭራሽ መተው ደግሞ የተወደደ በጎ ሥራ መሆኑን አስረድተዋል። በሌላ በኩል መክፈል የሚችል ሰው ማጓተቱን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በደል ብለው ሰይመውታል። ስለዚህ ሁለቱን ሰዎች በአንድ ዓይን ማየት ስሕተት ነው፤ ለመጀመሪያው የታዘዘውን ርኅራኄ ለሁለተኛው መስጠት በደልን መደገፍ፣ ለሁለተኛው የሚገባውን ክስ በመጀመሪያው ላይ ማንሳት ደግሞ ጭካኔ ነው።

ታዲያ በምን እንለያቸዋለን? የልብን የሚያውቅ አላህ ብቻ ቢሆንም የሚታዩ ምልክቶች አሉ። የቸገረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕዳውን አይክድም፤ ሥራው መበላሸቱን፣ ሕመም መግባቱን፣ ዕቃው መውደሙን ያስረዳል፤ ከወር ደመወዙ ላይ ጥቂትም ብትሆን ቆንጥሮ ለመስጠት ይሞክራል። ያልፈለገው ግን ቀን ይቀጥራል፣ በቀጠሮው አይገኝም፤ ሌላ ቀን ይቀጥራል፣ ይህንንም ያፈርሳል። የቤቱ ዕቃ ሲታደስ፣ ሠርግ በድግስ ሲደገስ፣ የሱቁ ዕቃ ሲጨምር ይታያል፤ የአንተ ገንዘብ ሲነሳ ብቻ ድሃ ይሆናል። ዕዳው ደርሶበት ሳለ ከባለ ገንዘቡ ጋር ሳይስማማ ለሱና ሐጅ ወይም ለዑምራ ጓዙን የሚያስር ሰውም ቢሆን ጉዳዩን መልሶ ሊያጤነው ይገባል፤ ምክንያቱም የደረሰ ዕዳን መክፈል ግዴታ ሲሆን ሁለተኛውና ሦስተኛው ጉዞ ግን ግዴታ አይደለም።

እዚህ ላይ አበዳሪውም ፍትሐዊ ይሁን። ወዳጁ የሚኖርበት ቤትና የሚሠራበት መሣሪያ ስላለው ብቻ «አለው» አይባልም። የሚታየው ለራሱና ለቤተሰቡ የግድ ከሚያስፈልገው በላይ ያለው ነው።

የሽምግልናው ሁለት ግማሾች

በመካከላችን የብድር ጉዳይ ወደ ኢማምና ወደ ሽማግሌ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ፤ የካዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። ካዕብ ከኢብኑ አቢ ሐድረድ የሚፈልገው ገንዘብ ነበረውና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ ጠየቀው። ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቤታቸው ሆነው ሰሟቸው። የክፍላቸውን መጋረጃ ገልጠው ወጡና ካዕብን ጠርተው ግማሹን እንዲተው በእጃቸው ጠቆሙት። ካዕብም ወዲያው ተስማማ። ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊታቸውን ወደ ተበዳሪው መልሰው ተነስቶ እንዲከፍል አዘዙት።

ሽማግሌዎቻችን የታሪኩን የመጀመሪያ ግማሽ በደንብ ያስታውሱታል። አበዳሪውን ይለማመጡታል፣ ጉልበቱን ይይዙታል፣ «ግማሹን ማር» ይሉታል፤ እሱም ይምራል። ሁለተኛው ግማሽ ግን ይረሳል። ተበዳሪው «እሺ፣ አላህ ያክብርልኝ» ብሎ ሳንቲም ሳያወጣ ይሄዳል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በቀረው ግማሽ ላይ ሌላ ሽምግልና ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ሽምግልና እርቅ ሳይሆን ዕዳን በየዓመቱ በግማሽ እየሸረፉ መጨረስ ነው።

ሌላው የሚረሳው ነገር ምልጃ ትእዛዝ አለመሆኑ ነው። የጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) አባት በኡሑድ ሲሰዋ ዕዳ ነበረበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ባለ ገንዘቦቹን የተምር አትክልቱን ፍሬ ተቀብለው የቀረውን እንዲተዉ ጠየቋቸው፤ እነሱ ግን እምቢ አሉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አላስገደዷቸውም። ወደ ተምሩ ሄደው በረከት እንዲገባበት ዱዓ አደረጉ፤ ዕዳው ሁሉ ተከፍሎም ተረፈ። የሰማዕት ዕዳ፣ አማላጁም የአላህ መልእክተኛ ሆነው ሳለ አበዳሪው እምቢ የማለት መብቱ ከተጠበቀለት፣ ዛሬ በሽምግልና መሐል «አልምርም» ያለን ሰው ልበ ደረቅ ብሎ መውቀስ ከየት የመጣ ነው?

በመሆኑም ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም ግማሾች ይያዝ። ለምሳሌ ዕዳው 100,000 ብር ቢሆንና አበዳሪው ግማሹን ለመተው ፈቃደኛ ቢሆን፣ 50,000 ብሩ በሽማግሌዎቹ ፊት ተቆጥሮ ሲቀርብ ያን ጊዜ ቀሪው መማሩ ይነገር። በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችለው ደግሞ ሙሉው 100,000 ብር በወር 5,000 ብር በ20 ወራት እንዲያልቅ ይደረግ፤ በጽሑፍ ይስፈር፤ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ በምስክርነት ይፈርሙበት።

የሀገራችን ሕግ የሚለው

የብድር ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ እንደሚችል እያወቅን ሕጉ ምን እንደሚል ሳናውቅ ማበደራችን ብዙ ሰው ጎድቷል። ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 የብድሩ ልክ ከ500 ብር በላይ ከሆነ፣ ብድሩ መኖሩ ሊረጋገጥ የሚችለው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ብቻ እንደሆነ ደንግጓል። በዚያ ዘመን 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚህ ያነሰ ብድር የሚበደር ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ሁሉም ብድር ለማለት ይቻላል ጽሑፍ ይፈልጋል ማለት ነው። «ሲሰጠው አይቻለሁ» የሚሉ አሥር ምስክሮች ቢኖሩ እንኳ ወረቀት የሌለው አበዳሪ በምስክር ብቻ ሊረታ አይችልም። የቀረው ተስፋ ተበዳሪው ራሱ ማመኑ ወይም መሐላ ነው። ያለ ጽሑፍ ያበደረ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን መብቱንም ለተበዳሪው ምላስ አስረክቧል።

ሕጉ በቁጥር 1727 በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረምና በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ በቁርኣን ረጅሙ በሆነው አንቀጽ፣ አላህ (ሱ.ወ.) ዕዳ እንዲጻፍና ምስክሮች እንዲቆሙበት ማዘዙን ስናስታውስ፣ ወረቀትን እንደ አለመተማመን መቁጠራችን ምን ያህል የተሳሳተ እንደሆነ ይገባናል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ተበዳሪ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የጣት አሻራው የሚያስገድደው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ሹም ወይም በዳኛ ፊት የተረጋገጠ ሲሆን ነው።

ብዙ ወገኖች «የእስላም ጉዳይ ነውና በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታይልን» ይላሉ። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ግን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በሞግዚትነት፣ በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በስጦታ፣ በወቅፍና እነዚህን በመሳሰሉ ጉዳዮች ላይ የተወሰነ ነው። በሁለት ጓደኛሞች መካከል ያለ ተራ የገንዘብ ብድር የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

የጊዜውም ነገር አለ። በቁጥር 1845 መሠረት ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ተበዳሪው በመካከል ዕዳውን ካመነ ወይም አበዳሪው ክስ ካቀረበ ይርጋው ይቋረጥና አዲስ ቆጠራ ይጀምራል። በይሉኝታ ብዙ ዓመት ዝም ያለ ሰው ይህን ይወቅ። ተበዳሪውም ይወቅ፤ ይርጋን በዳኛ ፊት አንስቶ ቢረታ የተዘጋው የፍርድ ቤት መዝገብ ነው እንጂ የአኺራው መዝገብ አይደለም።

ደረጃ በደረጃ

እንግዲህ ገንዘቡን ማስመለስ የሚፈልግ ሰው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢሄድ ወዳጅነቱንም መብቱንም ይጠብቃል።

አንደኛ፣ ለብቻ ማነጋገር። በስልክ መልእክት ወይም በሰው በኩል ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ሌላ ሰው በሌለበት። ገንዘቡ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደተሰጠ፣ ምን ያህሉ እንደተመለሰ በግልጽ ይነገር። «አንተ ሰው፣ ያቺን ነገር እኮ…» ብሎ በጎን መናገር ለሰሚው ማምለጫ ይሰጠዋል። ከዚያም «አሁን አቅምህ ምን ያህል ነው?» ተብሎ ይጠየቅና ይደመጥ።

ሁለተኛ፣ ዘግይቶም ቢሆን ወረቀት ማግኘት። ብድሩ ሲሰጥ አልተጻፈም ማለት አይጻፍም ማለት አይደለም። ተበዳሪው ዕዳውን አምኖ፣ መጠኑንና የሚከፍልበትን ቀን ጠቅሶ በሁለት ምስክሮች ፊት ቢፈርም ከላይ ያየነው ችግር በአብዛኛው ይወገዳል። ይርጋውም እንደገና ከዚያ ቀን ይቆጠራል። ለመክፈል በእርግጥ የሚያስብ ሰው ይህን አይጠላም፤ ጊዜ ያገኝበታልና። በስልክ መልእክት «አውቃለሁ፣ እከፍልሃለሁ» ብሎ ጽፎ ከሆነም መልእክቱ ይቀመጥ፤ ሆኖም ከፊርማ ጋር እኩል አድርጎ መመካት አይገባም።

ሦስተኛ፣ ዋስ መጠየቅ። አቡ ቀታዳ እንዳደረገው ለወንድም ዕዳ መቆም ታላቅ ሥራ ነው። በሀገራችን ሕግ ዋስትናው የሚጸናው ዋሱ የሚከፍለው ከፍተኛ መጠን በውሉ ላይ ሲገለጽ ነውና ቁጥሩ ይጻፍ።

አራተኛ፣ ሽምግልና። ሁለቱም የሚያከብሯቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች መምረጥ፤ ከላይ በገለጽነው ዓይነት፣ በምሕረትም በክፍያም እንዲያስማሙ ማድረግ።

አምስተኛ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1772 በመርሕ ደረጃ ባለ ዕዳው ግዴታውን እንዲፈጽም አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ይጠይቃል። ደብዳቤው አጭርና ያለ ስድብ ይሁን፤ የገንዘቡ ልክና የመጨረሻው ቀን ይጠቀስ፤ መድረሱ የሚታወቅበት መንገድ ይኑረው፤ ግልባጩም ይቀመጥ።

ስድስተኛ፣ ክስ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ የሚችለው ሰው እምቢ ካለ ወደ ዳኛ መሄድ መብትን በሥርዓት መጠየቅ ነው እንጂ ጠላትነት አይደለም። የተፈረመ ወረቀት ያለው ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 284 መሠረት ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይለት ሊጠይቅ ይችላል፤ በዚህ መንገድ ተከሳሹ ለመከራከር መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ክስ ጸሐፊዎች ከዋናው ገንዘብ ጋር 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ እንዲከፈል መጠየቅን አዘውትረው ይጨምራሉ። ሙስሊሙ አበዳሪ ክሱን ሳይፈርም ያንብበው፤ ወለዱ እንዲወጣለትና ዋናው ገንዘብ ብቻ እንዲጠየቅለት ይንገራቸው። የራስን ሐላል ገንዘብ ለማስመለስ ሄዶ ሪባ ይዞ መመለስ ትልቅ ኪሳራ ነውና።

ሊርቁት የሚገባ

በዚህ መንገድ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው ማዋረድ ነው። ዑለማዎች የተበደለ ሰው በደሉን መፍትሔ ሊሰጥ ለሚችል ሰው ቢናገር ከተከለከለው ሐሜት እንደማይቆጠር አስተምረዋል። ለቃዲ፣ ለዳኛ፣ ለሽማግሌ መናገር ይህ ነው። የወዳጅን ፎቶ በፌስቡክና በቴሌግራም ለጥፎ «ሌባ» ማለት፣ ወይም በልጆቹ ትምህርት ቤት በር ላይ መቆም ግን መፍትሔ ፍለጋ አይደለም፤ ተከፋዩን ከሳሽ የነበረውን ሰው ተከሳሽ ሊያደርገውም ይችላል።

ሁለተኛው በዘገየ ቁጥር መጨመር ነው። «ስድስት ወር ቆይተሃልና 10,000 ብር ጨምርበት» ማለት ስሙ ምንም ቢባል ሪባ ነው። በዕዳው ምክንያት ተበዳሪውን በነፃ ማሠራት ወይም ቀድሞ ያልተለመደ ስጦታ መቀበልም ከዚሁ የሚያስጠጋ ነው። ተበዳሪው ያለ ምንም ውል ሲከፍል በገዛ ፈቃዱ የተሻለ ቢሰጥ ግን፣ ከላይ በግመሉ ታሪክ እንዳየነው፣ ነውር የለበትም።

ሦስተኛው ቼክ ነው። ለዋስትና ተብሎ ከወዳጅ ባዶ ሒሳብ ያለው ቼክ መቀበል በነጋዴዎች ዘንድ ተለምዷል። በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ማውጣት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ቁጥር 693 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ገንዘብ እንደሌለው እያወቁ ወዳጅን እንዲህ ያለ ቼክ ማስፈረም የእስር ቤት በር አስቀድሞ መክፈት ነው። ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት የብድር ወረቀት ይበቃል።

የብሩ አቅም ሲወርድ

በዘመናችን የማጓተት በደል ከድሮው ከፍቷል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ በባንክ ከ60 ብር በታች ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ በፊት 100,000 ብር ተበድሮ ዛሬ 100,000 ብር የሚመልስ ሰው በቁጥር ልክ ከፍሏል፤ በአቅም ግን አልመለሰም። ይሁንና አበዳሪው ልዩነቱን አስልቶ ሊጠይቅ ይችላልን? የእስልምና ጉባኤ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ ባደረገው ስብሰባ ዕዳ የሚከፈለው በዋጋው ሳይሆን በዓይነቱና በቁጥሩ መሆኑን ወስኗል። እንግዲህ አበዳሪው ይህን ኪሳራ በትዕግሥት ይሸከማል ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ነው መክፈል እየቻለ እያንዳንዱን ወር የሚያሳልፍ ተበዳሪ፣ በመጨረሻ ቢከፍል እንኳ ከወንድሙ ገንዘብ ላይ እየቀነሰ መሆኑን ሊያስብበት የሚገባው።

መተው ከሆነ በግልጽ መተው

ወዳጁ በእርግጥ እንደሌለው የተረዳና አላህ የሰጠው ሰው ቢተውለት ታላቅ ምንዳ አለው። ግን ይንገረው። በልብ ትቶ በአፍ ዝም ማለት ተበዳሪውን ከጭንቀት አያሳርፈውም። ከተወ በኋላም ተመልሶ አይጠይቅ፤ በየአጋጣሚውም አያንሳበት።

«ከዘካዬ ላይ ልቁጠረው?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ያልተከፈለ ዕዳን በመተው ብቻ ዘካ ወጣ ማለት እንደማይቻል ይናገራሉ፤ ዘካ ከእጅ ወጥቶ ለባለ መብቱ የሚደርስ ነውና። ባለ ዕዳ ግን በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ከተጠቀሱት ስምንት የዘካ ተቀባዮች አንዱ ነው። ችግረኛ ለሆነ ባለ ዕዳ፣ መልሰህ ለእኔ ክፈል የሚል ቅድመ ሁኔታ ሳይኖር፣ ዘካ መስጠት ይቻላል። በየሰፈሩ ያለን ወገኖች ከዘካችን ላይ የተጨነቁ ባለ ዕዳዎችን ብናስታውስ ስንት ወዳጅነት በተረፈ!

ሲጀመር ማሳመር

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ ድካም የሚመጣው በመጀመሪያው ቀን አምስት ደቂቃ ስለምንቆጥብ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲሞቱ የጦር ጥሩራቸው ለ30 ሷዕ ገብስ በአንድ አይሁዳዊ ዘንድ በመያዣነት ተቀምጦ ነበር። እሳቸው መያዣ ሰጥተው ከተበደሩ የእኛ ፊርማ ማንን ያዋርዳል? ለወዳጅ ገንዘብ ስንሰጥ ልንለው የሚገባን ቀላል ነው፤ «አንተን አምናለሁ፤ ሞትን ግን አላምነውም። እኔ ብሞት ልጆቼ እንዲያውቁ፣ አንተም ብትሞት ዕዳህ እንዲከፈልልህ እንጻፈው።» ወረቀቱ የሁለቱን ሙሉ ስም፣ የገንዘቡን ልክ በአኃዝና በፊደል፣ የተሰጠበትንና የሚመለስበትን ቀን፣ የሁለት ምስክሮችን ስምና ፊርማ ይያዝ፤ ሁለት ቅጂ ይሁን። ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ከተላከ በምክንያቱ ቦታ ላይ «ብድር» ተብሎ ይጻፍ፤ ደረሰኙ ብቻውን ገንዘቡ መሄዱን እንጂ ብድር መሆኑን አይናገርምና። ማጣትን የማንችለውን ገንዘብ ደግሞ «የለኝም» ማለት ኋላ ከሚመጣው ጠብ ይሻላል።

ተበዳሪ የሆንን ወገኖች ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት የማን ገንዘብ በእጃችን እንዳለ እንቁጠር፤ ሳይደውልልን እኛ እንደውል። አበዳሪ የሆንን ደግሞ የቸገረውን ካልፈለገው እንለይ።

አላህ (ሱ.ወ.) ያለባቸውን ዕዳ ከሚከፍሉት፣ ሲጠይቁም በመልካም ከሚጠይቁት ባሮቹ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።